የጥቅምት በረዶ በቶሮንግ ላ፦ የአንድ የተቋረጠ ጉዞ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ቦርሳውን አዝሎ አገር የሚዞር ሰው አንድ ቀን ከአየር ጠባይ ጋር መጣላቱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ጠቡ በረጠበ ጫማና በተሰረዘ አውቶቡስ ያልቃል። ጥቅምት 4 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2014) በኔፓል የአናፑርና ተራሮች ላይ የሆነው ግን እንዲህ የሚታለፍ አልነበረም። በአንድ ቀን የበረዶ ውሽንፍርና በናዳው ቢያንስ 43 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ ውስጥ ቢያንስ 21ዱ ለእግር ጉዞ የወጡ ነበሩ። ከሟቾቹ መካከል መንገድ መሪዎች፣ ጓዝ ተሸካሚዎችና የያክ (ከፍታ ላይ የሚረባ ጠጉራም ከብት) እረኞችም ይገኛሉ።

ለተጓዦቹ በረዶው ዱብ ዕዳ ነበር። የአየር ትንበያ ለሚከታተል ሰው ግን ከቀናት በፊት የሚታይ ነገር ነበር። ማስጠንቀቂያው ከተማ ድረስ መጥቶ ተራራው ላይ መውጣት አቃተው። ጉዳዩን መዝግቦ መያዝ ያስፈለገው በዋናነት ለዚህ ነው።

ከዚህ በታች የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱና ወቅቱ

"አናፑርና ዙሪያ" የሚባለው መንገድ ሙሉው ሲሄድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። የመኪና መንገድ ከሁለቱም ጫፍ እየገባ ሲመጣ የእግሩ ክፍል አጠረ። አብዛኛው ሰው ቤሲሳሃር ከምትባል ከተማ ይነሳል። የማርስያንግዲን ወንዝ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማናንግ ይደርሳል። ከዚያ ቶሮንግ ላ የሚባለውን የተራራ በር (በጫፎች መካከል ያለ መሻገሪያ) አቋርጦ ወደ ሙክቲናትና ጆምሶም ይወርዳል።

መንገዱን ወጣቶች የሚወዱት በርካሽነቱ ነው። ድንኳን አያስፈልግም። ጥቂት ሰዓት በተሄደ ቁጥር መንደር አለ፣ መንደሩ ውስጥ ማደሪያ አለ፣ ማደሪያው ውስጥ ሩዝና ምስር አለ። ገመድና መንጠቆ የሚጠይቅ ገደል የለበትም። ስለዚህ ብዙዎች ያለ መሪ ይሄዱበት ነበር። በእስራኤል ወጣቶች ዘንድ የወታደርነት አገልግሎት ሲያልቅ ወደ ኔፓል፣ ሕንድ ወይም ደቡብ አሜሪካ መብረር የተለመደ ነው፤ በዚያ ሳምንትም ብዙ እስራኤላውያን መንገዱ ላይ ነበሩ፣ ከእነሱም አራት ሰዎች ሞተዋል።

ምቾቱ ግን ከፍታውን ያስረሳል። ማናንግ 3,540 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከበሩ በታች የመጨረሻዎቹ ማደሪያዎች ቶሮንግ ፌዲና ሃይ ካምፕ ናቸው። ለእኛ አንባቢ በቀላሉ ለማስረዳት፣ ፌዲ አልጋ ይዞ የሚያድር ሰው ከራስ ዳሽን ጫፍ ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ ተኝቷል። ሃይ ካምፕ ወደ 4,880 ሜትር ይጠጋል። በሩ ራሱ 5,416 ሜትር ነው። ከዚያ እስከ ሙክቲናት ከ1,600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ጉልበት የሚጨርሰውም ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ነፋሱ ስለሚበረታ ሰው ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ባትሪ ግንባሩ ላይ አስሮ ይነሳል። ይህ ልማድ ጥሩ ነው። አንድ ጉድለት ግን አለው። ውሳኔው የሚሰጠው በጨለማ ነው። ሰማዩ ምን እንደሚመስል ሳይታይ እግር ተነስቷል።

ወቅቱን ደግሞ እንይ። የኔፓል ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ሰኔ ይጀምራል፣ መስከረም ይወጣል። ጥቅምት ሰማዩ ታጥቦ የሚጠራበት፣ ተራራው ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ወር ነው። የጉዞ ድርጅቶች ሁሉ "ምርጡ ወር" የሚሉት እሱን ነው፣ ውሸትም አይደለም። ነገር ግን ጥቅምትና ኅዳር የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ሳይክሎን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ የሚያፈላባቸው ወራትም ናቸው። አንዳንዱ ሳይክሎን መሬት ከነካ በኋላ እርጥበቱን ይዞ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ሰሜኑ ላይ ሂማላያ ቆሟል። በ1988 ዓ.ም. ኅዳር መባቻ ላይ ከዚሁ ባሕረ ሰላጤ የተነሳ ሳይክሎን በኤቨረስት አካባቢ ከባድ በረዶ አውርዶ፣ 13 ጃፓናውያን ተጓዦች ከኔፓላውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በናዳ አልቀዋል። ስለዚህ የ2007ቱ አደጋ ታሪክ የማያውቀው ነገር አልነበረም።

ከባሕር እስከ ተራራ

ሁድሁድ የተባለው ሳይክሎን ጥቅምት 2 ቀን፣ እሑድ፣ በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ቪሳካፓትናም ላይ መሬት ነካ። ነፋሱ በሰዓት ወደ 185 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። የሕንድ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት አካሄዱን ቀድሞ ተንብዮ ስለነበር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የጠረፍ ነዋሪዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደርጓል።

ቪሳካፓትናምና ቶሮንግ ላ ካርታ ላይ ቢታዩ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ከሌላው ቀጥ ብሎ በስተሰሜን ይገኛል። በመካከላቸው ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ሳይክሎኑ መሬት ላይ ሲገባ ነፋሱ ደከመ። እርጥበቱ ግን አልደከመም። ወደ ሰሜን ገሰገሰ፣ ከምዕራብ ከሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ጋር ተገናኘ፣ ከዚያም ተራራው ወደ ላይ ገፋው። ዝቅ ባለው ቦታ ዝናብ ሆነ። ከፍ ባለው በረዶ ሆነ። በአንዳንድ ቦታ በግማሽ ቀን ውስጥ እስከ 1.8 ሜትር እንደወረደ ተዘግቧል። ቁመቱ መካከለኛ የሆነ ሰው ቀጥ ብሎ ቢቆም የሚውጥ ማለት ነው።

በሁድሁድ የተነሳ ዝናብና በረዶ ሊኖር እንደሚችል ካትማንዱ ውስጥ ተነግሮ ነበር። ሆኖም ማስጠንቀቂያውን ከካትማንዱ ተቀብሎ ለማናንግ፣ ከማናንግ ለፌዲ፣ ከፌዲ ለሃይ ካምፕ የሚያደርስ ሰው አልተመደበም። ይህ የማን ሥራ እንደሆነም ግልጽ አልነበረም። ተጓዡ ቦርሳው ውስጥ የፈቃድ ወረቀትና የመመዝገቢያ ካርድ ይዟል። በየኬላው ስሙ ይጻፋል። ይህ ሁሉ መዝገብ መረጃን ከታች ወደ ላይ ለመላክ አልዋለም።

ያ ማክሰኞ

ሌሊቱን በረዶ መውረድ ጀምሮ ነበር። ንጋት ላይ የነበሩበት ቦታ የሰዎቹን ዕጣ ለየው።

ማናንግና ከዚያ በታች የነበሩት አብዛኞቹ ባሉበት ቆዩ። ጉዟቸው ተበላሸ፣ ገንዘባቸው አለቀ፣ አንዳንዶቹ ወደ መጡበት ተመለሱ። ስለ እነሱ የሚጻፍ ብዙ የለም፣ ደግነቱም ይኸው ነው።

ፌዲና ሃይ ካምፕ ያደሩት ከባዱ ምርጫ የገጠማቸው ናቸው። በረዶው እየወረደ ነው፤ ግን ጥቅምት ላይ ትንሽ በረዶ ሲወርድ ማየት እንግዳ አይደለም። "ሲነጋ ያቆማል" የሚል አለ። መሪ ያላቸው መሪያቸውን ያያሉ። መሪ የሌላቸው መሪ ያላቸውን ያያሉ። ከታች ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ አልጋ ይጠባል። በዚያ ላይ የመመለሻ ትኬት ተቆርጧል። ጥቂት ተራምደው ነገሩ ሲያስፈራቸው ወደ ሃይ ካምፕ የተመለሱ ነበሩ። ብዙዎች ግን ቀጠሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ተራራ ላይ አንድ ቡድን ሲነሳ ሌላው መነሳቱ የተለመደ ነው። ከፊት ያለው የባትሪ ብርሃን ሰልፍ "መንገዱ ደህና ነው" የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ከፊት ያለው ሰው ደግሞ ከኋላው ብዙ ሰው ሲያይ ልቡ ይሞላል። ሁሉም ሌላው የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስለዋል፤ ማንም ምንም አያውቅም።

በሩ ጋ ሲደርሱ በረዶው ወገብ ድረስ ደርሷል። ነፋሱ የወደቀውንም እያነሳ ይበትነዋል። መሬትና ሰማይ አንድ ነጭ ሆነዋል። ከፊት የሚሄደው ሰው ዱካ በደቂቃዎች ውስጥ ይደፈናል፤ መንገድ የሚያመለክቱት ዘንጎችም አይታዩም።

ሻይ ቤቷ

በሩ አናት ላይ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች። በደህናው ቀን ሻይ የሚሸጥባት፣ ሰው ፎቶ ተነስቶ የሚሞቅባት ናት። ማሞቂያ የላትም። በዚያ ቀን በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ገብተው ተጨናነቁባት። ቦታ ስላልነበረ አንዳንዱ የቤቷ በር ላይ ቆሞ ነበር።

የዚህ ጉዳይ አንኳር ያለው እዚህች ቤት ውስጥ ነው። በሕይወት የተረፉ ሰዎች ለጋዜጠኞች እንደተናገሩት፣ ሻይ ቤቱን የሚያሠራው ሰው ወደ ሙክቲናት እንደሚወርድና ለከፈሉት መንገድ እንደሚያሳይ ተናገረ። ብዙዎች ተከተሉት። ምክንያታቸው ሲታይ ሞኝነት አይደለም። ሰውየው አካባቢውን ያውቃል። እሱ ከሄደ ቤቷ ያለ ባለቤት ትቀራለች። እዚያ ማደር ደግሞ 5,416 ሜትር ላይ ያለ እሳት ማደር ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ማንም የሚመክረው መውረድን ነበር።

ከወጡት መካከል ብዙዎቹ ጉሙና በረዶው ውስጥ ተበታተኑ። ከፊት ያለውን ማየት አቃታቸው፣ መንገድ ሳቱ፣ አንዳንዶቹ ደክሟቸው በተቀመጡበት ቀሩ። ቤቷ ውስጥ የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ እርስ በእርስ ተጠጋግተው፣ እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው እየተቀሰቀሱ ሌሊቱን ገፉት። ሲነጋ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ወጥተው ወረዱ።

ይህን አንብቦ "መቆየት ምንጊዜም ይሻላል" ማለት ስህተት ነው። ሻይ ቤቷ ጣሪያና ግድግዳ ነበራት፣ የሰው ብዛትም ነበር። ሜዳ ላይ ከቆሙት የሞቱ አሉ። የከፍታ ሕመም የጀመረው ሰው ቤቷ ውስጥም ቢሆን ሌሊቱን ላያልፍ ይችል ነበር። ትክክለኛው ንባብ ጠበብ ያለ ነው። ዓይን በማያይበት ሰዓት፣ ከነፋስ የሚከልል ቦታ ውስጥ ያለ ሰው፣ ያንን ቦታ ትቶ ለመውጣት በጣም ከባድ ምክንያት ያስፈልገዋል። "ሌሎች እየሄዱ ነው" የሚለው በቂ አይደለም። "አገሩን የሚያውቅ ሰው ይመራናል" የሚለውም በዚያ ቀን በቂ አልነበረም። አገር ማወቅ የሚጠቅመው አገሩ ሲታይ ነው።

ስለ ብርዱ ሁለት ቃል። የሰውነት ሙቀት ከልክ በታች ሲወርድ መጀመሪያ ሰው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እጁ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል፣ ይንገዳገዳል። ቀጥሎ ፍርዱ ይዛባል፤ መጥፎ ውሳኔ እየወሰነ መሆኑን ራሱ አያውቅም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ "እኔ ደህና ነኝ" የሚል ቃል ብዙ ዋጋ የለውም። ጓደኛው ሊያየው ይገባል። ብቻውን የሚሄድ ሰው የሚያየው የለም።

ፍለጋው

በማግሥቱ ሰማዩ ሲከፈት ሄሊኮፕተሮች ተነሱ። የኔፓል ጦር ሠራዊትም የግል ድርጅቶችም ተሳተፉ፤ በእግር የወጡ የአካባቢው ሰዎችም ብዙ ሠሩ። በቀጣዮቹ ቀናት ከ500 በላይ ሰዎች ከተራራው ወረዱ። ጣታቸው በብርድ የሞተባቸው ካትማንዱ ሆስፒታል ገቡ። ሞት የነበረው በሩ ላይ ብቻ አልነበረም። በማናንግ አውራጃ ሌላ ሸለቆ ውስጥና በዳውላጊሪ ተራራ መነሻ ሰፈር ላይም ናዳ ሰው ገድሏል።

ከባዱ ሥራ ማን እንደጠፋ ማወቅ ነበር። በየኬላው የተጻፈው መዝገብ ማን እንደገባ ይናገራል። ያ ሰው ማክሰኞ ጠዋት የት እንደነበረ ግን አይናገርም። ባሕር ማዶ ያሉ ቤተሰቦች ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፍተው "ልጄን ያየ" እያሉ ፎቶ ለጠፉ። አንዳንዱ ልጅ ስልክ የማይሠራበት መንደር ውስጥ ደህና ተቀምጦ ነበር። እናቱ ግን ለቀናት ነፍሷ በአፏ ሆና ከርማለች። ይህ ነገር ቀላል መስሎ ቢታይም ዋጋ አለው። በየመንደሩ የደረሰ ሰው ለቤቱ "ዛሬ እዚህ ነኝ፣ ነገ ወደዚያ እሄዳለሁ" ብሎ ቢልክ ፈላጊዎች የፈጁትን ሰዓት ያሳጥር ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉም በላይ የሠራው ነገር ባሉበት መቆየትና በጊዜ መመለስ ነው። የተመለሱት ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ወጥተው ነበር፤ ከበሩ ርቀው ሳለ መወሰናቸው ጠቀማቸው። እላይ ከደረሱ በኋላ መመለስም መውረድም እኩል ከባድ ነበር።

ማናንግ ላይ ስለ ከፍታ ሕመም ለተጓዦች በየቀኑ ትምህርት የሚሰጥ የሕክምና ጣቢያ በወቅቱ ይከፈታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ በየዓመቱ ሰው ያድናል። ለማስጠንቀቂያ የሚሆን ቦታ ነበረ ማለት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ በሩን ሊያቋርጡ ያሉት ሰዎች ተሰብስበው ይቀመጣሉ። የጎደለው ከካትማንዱ የሚመጣ አንድ ስልክ ነበር።

ሄሊኮፕተሩ ሠርቷል፣ ከውሽንፍሩ በኋላ። ብዙ ሰው የጉዞ መድን ሲገዛ "ምን ቢደርስ ሄሊኮፕተር ይመጣል" ብሎ ልቡን ያሳርፋል። ሄሊኮፕተር ጉም ውስጥ አይበርም። መድኑ የሚጠቅመው ሌሊቱን ያለፈውን ሰው ነው። በነገራችን ላይ ብዙ መድኖች ከተወሰነ ከፍታ በላይ አይሸፍኑም፤ 5,416 ሜትርን የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ ያለው ነው። ውሉ ላይ ቁጥሩን ፈልጎ ማንበብ ነው።

መሪ መያዝ ሠራ ወይስ አልሠራም? መልሱ ድብልቅ ነው። ወደኋላ የመለሱ መሪዎች ደንበኞቻቸውን አድነዋል። ሌሎች ከደንበኞቻቸው ጋር ሞተዋል። ልዩነቱ ያለው መሪው "ዛሬ አንሄድም" ለማለት ባለው አቅም ላይ ይመስለኛል። ደንበኛው ትኬት አለኝ ብሎ ከተጫነው፣ አለቃው ደግሞ ለተጨማሪ ቀን ካልከፈለው፣ ሙያው ብቻውን የትም አያደርሰውም።

ጓዝ ተሸካሚዎቹ ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ተጓዡ ላባ ጃኬትና ጥሩ ቡትስ አለው። የእሱን ቦርሳ የተሸከመው ሰው ብዙ ጊዜ ስስ ልብስና ሸራ ጫማ ነው የሚለብሰው። ይህን የእኛ አገር ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ባለ በቅሎው በጋቢና በኮንጎ ጫማ ውርጭ ላይ ሲያድር ያየ ብዙ ነው። ጓዝ የሚያሸክም ሰው ከመነሳቱ በፊት የተሸካሚውን ጫማና ጓንት ማየት አለበት። ከሌለው ወይ ይገዛለት፣ ወይ ወደ በሩ አይውሰደው። ይህ የቸርነት ጉዳይ አይደለም፤ የአሠሪ ግዴታ ነው።

ለሌላ መንገድ የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ መውሰድ ቢቻል እኔ የምወስደው የትርፍ ቀን ነገር ነው። ዕቅዱ ውስጥ ባዶ ቀን ያለው ሰው ፌዲ ላይ ጠዋት በረዶ ሲያይ ተመልሶ ይተኛል። ባዶ ቀን የሌለው ሰው ግን ራሱን ማሳመን ይጀምራል። በረዶው ቀላል ይመስለዋል። ሰማዩ የሚከፈት ይመስለዋል። ሰውየው ደፋር ስለሆነ ሳይሆን፣ መዘግየት የሚያስከፍለው በቁጥር ስለሚታወቅና አደጋው ስለማይታወቅ ነው። ትርፍ ቀን ይህን ሒሳብ ያስተካክላል። ከፍ ያለ በር የሚያቋርጥ ጉዞ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያለ ሥራ መያዝ ቅንጦት አይደለም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ይህ ትንሽ ይወሳሰባል። ኔፓል ለአብዛኛው አገር ዜጋ አየር ማረፊያ ላይ ቪዛ ትሰጣለች። ኢትዮጵያውያን ግን ቀድመው ማውጣት ከሚጠበቅባቸው ጥቂት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ቆይተዋል። ቪዛው በ15፣ በ30 እና በ90 ቀን ይመደባል። ዕቅዳችሁ 14 ቀን ከሆነ የ15ቱን አትጠይቁ፤ የ30ውን ጠይቁ። የዋጋው ልዩነት ተራራ ላይ ከሚመጣው ጭንቀት ያንሳል። ትኬቱንም ቀኑን መቀየር የሚቻለውን ግዙ። በሌላ አገር በኩል የሚያልፍ ከሆነ ቀኑ ሲቀየር የመተላለፊያ ቪዛው አብሮ እንዳይበላሽ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው፣ ትንበያን ከመንገዱ ላይ ብቻ አለመፈለግ ነው። ማናንግ ላይ ሰማዩን ያየ ሰው ከ1,200 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሆነውን ሊያይ አይችልም። ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ሂማላያ የሚሄድ ሰው የተራራውን ትንበያ ብቻ ሳይሆን የቤንጋል ባሕረ ሰላጤን ማየት አለበት። የሕንድ ሜትዎሮሎጂ ስለ ሳይክሎን የሚያወጣው መግለጫ ለማንም ክፍት ነው። ስልክ በማይሠራበት ቦታ ደግሞ ቤት ያለ አንድ ሰው ይህን እንዲከታተል ማድረግ ይቻላል። የስልክ መስመር ባለበት የመጨረሻ መንደር ላይ ደውሎ "ባሕሩ ላይ ምን አለ?" ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ ነው። ሕንድ ውስጥ መቶ ሺዎች ቤታቸውን ለቀው እንደሆነ የሰማ ሰው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ቡድን ለሚመሩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ተራራ የሚወጡ ቡድኖች በዝተዋል፤ አንዳንዶቹም ወደ ውጭ መሄድ ጀምረዋል። የመመለሻውን መስፈርት ከመነሳት በፊት፣ ሁሉም እየሰማ፣ በግልጽ መናገር ይጠቅማል። "እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት በሩ ላይ ካልደረስን እንመለሳለን" ወይም "የመጨረሻውን ዘንግ ማየት ካልቻልን እንመለሳለን" ማለት ይቻላል። ቁጥሩ እንደ ቦታው ይለያያል። ዋናው ነገር ውሳኔው ብርድ፣ ድካምና የአየር እጥረት ከመግባታቸው በፊት መወሰዱ ነው። ጫፍ አካባቢ የሚጀመር ክርክርን ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ቀጥሉ የሚለው ወገን ነው።

መጨረሻ ላይ ሳይነሳ የማያልፈው ጓዝ ነው። ሩቅ ባይወስድም ሕይወት የሚያቆይ ነገር አለ። ትርፍ ደረቅ ካልሲና ጓንት፣ ሰውነት የሚጠቀልል ቀላል የድንገተኛ ሽፋን፣ ሳይበስል የሚበላ ስኳርነት ያለው ምግብ፣ ፊሽካ፣ ትርፍ የባትሪ ድንጋይ። ከኪሎ ብዙም አያልፍም። ሻይ ቤቷ ውስጥ ያደረ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚመኘው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ

በአደጋው ሳምንት የወቅቱ የኔፓል ጠቅላይ ሚኒስትር ሱሺል ኮይራላ የአየር ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንደሚዘረጋ ቃል ገቡ። ስለ መሪ ግዴታና ስለ መከታተያ መሣሪያም ብዙ ተባለ። ግማሽ ዓመት አለፍ እንዳለ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣና የአገሪቱ ትኩረት ሁሉ ወደዚያ ዞረ።

ከመጋቢት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኔፓል የውጭ አገር ተጓዦች በፓርኮችና በጥብቅ ሥፍራዎች ውስጥ ፈቃድ ያለው መሪ እንዲይዙ የሚል ደንብ አወጣች። ደንቡ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል፣ ለመሪዎቹም እንጀራ ነው። ሆኖም በ2007 መሪ የነበራቸው ሰዎችም ሞተዋል። መሪው ራሱ ትንበያው ካልደረሰው፣ ከደረሰውም በኋላ ለመመለስ ነጻነት ከሌለው፣ ከደንበኛው የተሻለ ነገር አያይም። ስለዚህ የጉዞ ድርጅት ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። መሪው ተራራ ላይ ሆኖ የአየር መረጃ የሚያገኘው ከማን ነው? አንድ ቀን ብንቆም የእሱንና የተሸካሚዎቹን የዚያን ቀን ደመወዝ ማን ይከፍላል? በሁለተኛው ላይ መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ሌላ ድርጅት ፈልጉ።